«ግራኝ ነው» እያሉኝ ነው፤ የ7 ወር ልጄ ግን ቀኝ እጁን አይዘረጋም

የማሙሽ እናት | አዲስ አበባ | ሰኞ፣ ማታ 4፡10

ሰላም ቤቶች። ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው።

ልጄ 7 ወር ሊሞላው ነው። የመጀመሪያዬ ነው። ቀኑን ጨርሶ፣ በምጥ፣ ያለ ችግር ተወለደ። ወዲያው አለቀሰ። ክብደቱ 3 ኪሎ ከ200 ነበር። በማግስቱ ቤታችን ገባን። ጡት ይጠባል፣ ይስቃል፣ ሲጠሩት ዞር ይላል።

ነገሩ እጁ ላይ ነው። ያቀበልኩትን ሁሉ በግራው ነው የሚይዘው። አሻንጉሊቱን በቀኙ በኩል ባስቀምጥለት እንኳ ግራ እጁን አሻግሮ ይወስዳል። ቀኙን እንደጨበጠ ይውላል፤ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገብታ። ሳጥበው መዳፉን በግድ ነው የምፈለቅቀው። ልብስ ሳለብሰውም የሚያስቸግረኝ የቀኙ እጅጌ ነው።

እናቴ ልትጠይቀን ከመጣች ጀምሮ «ግራኝ ነው፣ አያቱን ነው የወጣው» እያለች ትስቃለች። እውነትም አባቴ ግራኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አትጨናነቂ» ይለኛል። ትናንት ስልኬ ላይ ስጎረጉር «ሴሬብራል ፓልሲ» የሚል ነገር ወጣብኝ። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ነገር እያካበድኩ ነው?

የቅዱስ አባት | ባህር ዳር | ሰኞ፣ ማታ 4፡35

አይዞሽ እህቴ። የእኔ ልጅ 1 ዓመት ከ4 ወር እስኪሆነው አልሄደም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያንሾካሹክብን ከረመ። አሁን ኳስ ሲጫወት ብታዪው የሚይዘው የለም። ልጅ የራሱ ጊዜ አለው። ኢንተርኔት እንደሆነ ራስ ምታት ብለሽ ብትጠይቂውም ካንሰር ነው የሚልሽ። ተኚ።

ፊዚዮዋ | ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

የቅዱስ አባት፣ ለማጽናናት ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን አልስማማም። በ1 ዓመት ከ4 ወር መሄድ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ልጆች እንደዚያ ናቸው። ባንድ እጅ ብቻ መጫወት ግን መዘግየት አይደለም። ሌላ ነገር ነው።

የማሙሽ እናት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከልጆች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። 1 ዓመት ያልሞላው ልጅ እጅ አይመርጥም። ያገኘውን በቀረበው እጅ ነው የሚያፍሰው። ግራኝነት የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ግራውን ስለወደደ አይደለም። ጥያቄው ቀኙን ለምን ተወው የሚለው ነው። ይህ በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ጡጫው ከ4 ወር በኋላም አለመፈታቱ ብቻውን ያስኬዳል።

ስሙ እንዳያስደነግጥሽ ትንሽ ላብራራ። ሴሬብራል ፓልሲ አንድ በሽታ አይደለም። ገና እያደገ ያለ አንጎል ላይ ጉዳት ሲደርስ በእንቅስቃሴና በሰውነት አቋም ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ የሚጠራበት የጋራ ስም ነው። ጉዳቱ በማህፀን፣ በወሊድ ወይም ከተወለደ በኋላ ሊደርስ ይችላል። አይተላለፍም። አንጎል ላይ ያለው ጠባሳም እየሰፋ አይሄድም። ጡንቻው በራሱ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ከላይ የሚመጣለት ትእዛዝ ነው። ከ5 ልጆች በ4ቱ ያህል የምናየው ጡንቻቸው የሚገትርበትን ዓይነት ነው። ሌሎቹ ያለፈቃዳቸው የሚወራጩ ወይም ሚዛን የሚያጡ ናቸው።

በሥራዬ በጣም የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ምልክቶቹ ቤት ውስጥ እንደ ሙያ ነው የሚታዩት። «ልጄ ጠንካራ ነው፣ በ4 ወሩ ቆመ» ብላ የምትመጣ እናት አለች። ሳየው እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው፣ በጣቱ ጫፍ ቆሞ፣ እንደ መቀስ ተጠላልፈዋል። «አንገቱ ከተወለደ ጀምሮ የጠና ነው» ትላለች ሌላዋ። ልጁ ግን ወደ ኋላ እየተለጠጠ ነው፤ በሆዱ ሲያስተኙት ቀና ማለት አይችልም። «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» የተባለው ደግሞ እንደ እርጥብ ጨርቅ የላላ ሆኖ ይገኛል። የአንቺ ደግሞ «ግራኝ ነው» ሆነ። ወላጅ አያይም ማለቴ አይደለም። ያያል፣ ግን ላየው ነገር የሚያምር ስም ይሰጠዋል።

የማሙሽ እናት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። አሁን ሳስተውለው ቀኝ እግሩም ሲፈራገጥ ከግራው ያንሳል።

ቆይ ግን ምን አድርጌ ነው? ሦስተኛ ወሬ ላይ ደረጃ አዳልጦኝ ወድቄ ነበር። ፍልሰታንም ጾሜያለሁ። ከጎረቤት አንዷ ደግሞ ልጁን አይታ «ውይ ሲያምር» ብላ ምራቋን እንትፍ ሳትል ሄደች። እናቴ እስካሁን ስሟን እያነሳች ነው።

የጨቅላዎች ነርስ | ደሴ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

ምንም አላደረግሽም የኔ እህት። መውደቅሽም አይደለም፣ ፍልሰታም አይደለም፣ ጎረቤትሽም አይደለችም። ሴትየዋን ተዉአት።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። ብዙ ሰው ሴሬብራል ፓልሲ ሲባል የሚመጣለት ምጥ ነው፤ ሐኪም አጥፍቶ ነው ይላል። ይህ ጨዋታ የቆየ ነው። በፈረንጆች 1862 ዊልያም ሊትል የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ችግሩን ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያያዘው። ብዙ ዘመን «የሊትል በሽታ» ይባል ነበር። በ1897 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ ተከራከረው። አዎ፣ ያው የሥነ ልቦናው ፍሮይድ፤ በፊት የነርቭ ሐኪም ነበር። ምጡ የከበደው ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ አንድ ነገር ስለደረሰበት ሊሆን ይችላል አለ። ብዙም የሰማው አልነበረም። ዛሬ በሀብታም አገሮች በወሊድ ጊዜ መታፈን የሚያመጣው ከ10 አንዱን ያህል ብቻ እንደሆነ ይታወቃል።

እኛ አገር ግን መታፈኑም ከባድ ድርሻ አለው። ምጥ 2 ቀን ቆይቶ፣ ሪፈር ተጽፎ፣ መኪና ጠፍቶ የሚመጣ አለ። ልጁ ሳያለቅስ ይወለዳል፣ ከዚያ ያንቀጠቅጠዋል፣ መጥባት ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ከዳነ በኋላም ክትትሉ መቋረጥ የለበትም። «ወጣልን» ተብሎ ይጠፋል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

ያለጊዜው የሚወለዱትም አሉ። በተለይ ከ32 ሳምንት በፊት። የአንጎላቸው ውስጠኛ ክፍል ደም ስሮች ስስ ናቸው፤ በቀላሉ ይደማሉ ወይም ደም ያጥራቸዋል። ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ መስመር በዚያው በኩል ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ እጅ ደህና ሆኖ እግር ይገትራል። ከተወለዱ በኋላ ደግሞ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ወባ፣ አደጋ አለ። በእርግዝና ጊዜ እናትን የሚይዙ አንዳንድ ኢንፌክሽኖችም አሉ። በብዙ ልጆች ደግሞ ምክንያቱ ተፈልጎም አይገኝም።

የአንቺ ታሪክ ግን፣ ቀኑን የጨረሰ፣ ወዲያው ያለቀሰ፣ አንድ ጎኑ ብቻ የደከመ፣ አንድ ነገር ያስጠረጥረኛል። ሕፃንም ስትሮክ ይመታዋል። በማህፀን ሳለ ወይም በተወለደ ሰሞን አንዲት የአንጎል ደም ስር ትዘጋለች። ቤተሰብ ምንም ሳያውቅ ወደ ቤት ይሄዳል። ልጁ እጁን ለመጨበጥና ለመቀበል ሲጀምር፣ በ4ና በ6 ወሩ ገደማ፣ ያኔ ይታያል። ቀኝ ጎን ከደከመ የተጎዳው ግራ አንጎል ነው። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ሐኪሙ ነው። ሲወለድ የትከሻው ነርቭ ተስቦ ሊሆንም ይችላል፤ ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እጁን ያዝለዋል እንጂ አያስጨብጠውም።

የምሕረት እናት | ጎንደር | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

እኔም ልጨምር፤ ምናልባት አንዲት እርጉዝ ታነበው ይሆናል።

ሁለተኛ ልጄ ሴት ናት፣ 6 ዓመቷ ነው። በተወለደች በ2ኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ። «ፀሐይ አሙቂያት» ተባልኩ፣ አሞቅኳት። በ4ኛው ቀን እግሯ ድረስ ቢጫ ሆነች። በ5ኛው ጡት እምቢ አለች፣ ተኝታ ትውላለች፣ ስትነቃ ቀጭን ጩኸት ትጮኻለች፣ ወገቧ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሆስፒታል ስንደርስ ደሟን ለወጡላት። ነፍሷ ተረፈ። ያ ቢጫ ነገር ግን አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ኋላ ነው የነገሩኝ። የእኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ከልጆቼ ደም ጋር አይስማማም። የመጀመሪያውን ስወልድ መርፌ መወጋት ነበረብኝ፤ ማንም አልነገረኝም። አክስቶቼ ድሮ «ሾተላይ» የሚሉት ይኸው ነው። ልጅ የሚበላ መንፈስ አድርገው ነበር የሚያወሩት።

ምሕረት አሁን እጇም አንገቷም በራሱ ይወራጫል። አንዱን ጆሮዋን አትሰማበትም። ግን ሁሉ ነገር ይገባታል። ወንድሟ ሲደናቀፍ ከሁላችን ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ሰው ቤት ስንሄድ «ታውቃለች?» ብለው በፊቷ ይጠይቁኛል። እሷ ታየኛለች።

የጨቅላዎች ነርስ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

የምሕረት እናት፣ እግዜር ይስጥሽ። ይህን እኔ ሺህ ጊዜ ብናገር የአንቺን ያህል አይሰማም።

እርጉዞች፣ የደም ዓይነታችሁን እወቁ። ኔጌቲቭ ከሆናችሁና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ መርፌው በወለዳችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ውርጃ ቢሆንም ጠይቁ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ቆዳው ጠየም ላለ ልጅ የዓይኑን ነጭና ድዱን በቀን ብርሃን እዩ። መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ ከወረደ፣ ወይም ከተኛ የማይነሳና የማይጠባ ከሆነ፣ ፀሐይ አታሙቁት፣ ይዛችሁት ሩጡ። ክፍላችን ያለው ሰማያዊ መብራት በቂ ነው፤ በጊዜው ከደረሰ።

ተስፋ አለ | ዱባይ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ሰላም። የአንዲት ዘመዴን ልጅ ስቴም ሴል የሚባል የሴል ሕክምና አስደርገውታል ውጭ አገር። ብዙ ዶላር ነው ግን ይድናል ብለዋቸዋል። ገንዘብ ማሰባሰብ ትችላላችሁ። ካልሆነ ፀበል። ሐኪም ቤት ስሙን ነግሮ ከመሸኘት ሌላ ምን ያደርጋል?

ፊዚዮዋ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ተስፋ፣ በቅንነት እንደጻፍክ አውቃለሁ። ስለዚህ በቅንነት ልመልስ። የተጎዳውን አንጎል መልሶ የሚያድን ሕክምና እስካሁን የለም። ቤት ሽጠው ሄደው የተመለሱ ቤተሰቦችን አይቻለሁ። ያ ገንዘብ ስንት ዓመት ፊዚዮቴራፒ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የእግር ድጋፍ ይሆን ነበር። የግፊት ኦክስጅን የሚሉትም በጥናት ተፈትኖ አልሠራም።

ስለ ፀበል አልከራከርም። እናቴ ፀበል ባታጠጣኝ አልወጣም ከቤት። ግን ፀበል የሚሄድ ልጅ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አያቋርጥ። እያቋረጡ መጥተው ለሰዓታት ሲንቀጠቀጡ ያየሁት አለ። አጥብቄ የምቃወመው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወጌሻ። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ የደረቀውን እግር በኃይል ሲያቃኑት ይሰበራል። ሌላው እንጥል ማስቆረጥ። ልጁ መዋጥ ያቃተው አንጎሉ ጉሮሮውን በደንብ ስለማያዘው ነው። እንጥሉ ምንም አላደረገም፤ ይደማል፣ ያመረቅዛል እንጂ።

«ምን ያደርጋል» ላልከው፣ የሕፃን አንጎል ገና እየተሠራ ያለ መንገድ ነው። አንዱ ሲዘጋ በሌላ ይዞራል፤ ግን ቶሎ መሄድ ሲጀመርበት ነው። ለዚህ ነው ስሙ እስኪረጋገጥ አንጠብቅ የምለው። ጥርጣሬ ካለ ልምምዱ ይጀመራል። ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ የከሰርነው ጥቂት ሳምንት ጨዋታ ነው።

የመንታዎቹ እናት | ሃይፋ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

ሻሎም እህቶቼ። እኔ መንታ ወልጄ ነበር፣ በ29 ሳምንት። እዚህ እስራኤል የሕፃናት ክትትል ጣቢያው ጢፓት ሐላቭ ይባላል፤ ክትባትም እዚያው ነው። አንዱ ልጄ «ቆመ» ብለን ቪዲዮ ቀርጸን ለዘመድ ሁሉ ልከን ነበር። ነርሷ አየችውና አልሳቀችም። እግሩን ይዛ ከፈት ልታደርግ ስትሞክር እምቢ አላት። ወደ ልጆች እድገት ማዕከል ላከችን። አማቴ «ይቺ ፈረንጅ ልጅ ሲቆም ትፈራለች» ብለው ተቆጡ!

አሁን 5 ዓመቱ ነው። በእግር ድጋፍና በመራመጃ ይሄዳል። አንድ ምክር፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። እኔ ሳላውቅ ስንት ወር በከንቱ ተጨነቅኩ። ቀኑ ተስተካክሎም የማይቀመጥ፣ እግሩ የሚገትር ከሆነ ነው ነገሩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሜሪላንድ | ረቡዕ፣ ሌሊት 6፡10

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ከልደት እስከ 3ኛ ዓመት ድረስ የእድገት ምርመራ በነፃ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በሁሉም ስቴት አለ። ሐኪሙ እስኪልክ መጠበቅ የለባችሁም፣ ራሳችሁ መደወል ትችላላችሁ። አስተርጓሚ ጠይቁ። እኔ አፍሬ 8 ወር ደብቄያለሁ። ቤተክርስቲያን ልጄን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነበር የምይዘው።

የቅዱስ አባት | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

ፊዚዮዋ፣ ተረታሁ። ደግሞ አንተ በይኝ፣ ገና 34 ዓመቴ ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ የወንድሜ ልጅ ታየችኝ። ገጠር ናት፣ 4 ዓመቷ። አትቀመጥም፣ አትናገርም። ስትበላ ትንታ ነው፣ ከስታለች። ቤት ውስጥ ተኝታ ነው የምትውለው። ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ ያስገቧታል። «እርግማን ነው» ተብሎ ስለተወራ ወንድሜ ማኅበር እንኳ ትቷል። በዚህ ዕድሜዋ የሚደረግ ነገር አለ?

ፊዚዮዋ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

እሺ፣ አንተ። አለ፣ ብዙ አለ።

መጀመሪያ ምግቧ። ተኝታ አትመገብ። በጋደመች ቁጥር አጥሚቱ ወደ ሳንባዋ ነው የሚገባው። ሳል የማይለቃት ከሆነ ለዚያ ነው። አንዱ ጭኑ ላይ ያስቀምጣት፣ ጀርባዋን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቷ ታጥፎ፣ አገጯ ትንሽ ወደ ታች ሆኖ። አንገቷ ወደ ኋላ ከተቀለበሰ አትሰጧት። ቀጭን ነገር ያስትናታል፤ ወፈር ያለ ይሻላታል። ገንፎ ለስለስ አድርጋችሁ፣ ቅቤም እንቁላልም ጨምሩበት፣ ጉልበት ያስፈልጋታል። በትንሽ ማንኪያ፣ ውጣ እስክትጨርስ ጠብቁ። ምግብ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

ሁለተኛ፣ ጀርባዋ ላይ ብቻ አትዋል። በካርቶንና በጨርቅ የሚሠራ መቀመጫ አለ፤ ለእናቶች እናስተምራለን፣ እልክልሃለሁ። ሦስተኛ፣ የማይራመዱ ልጆች የዳሌ አጥንታቸው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ያማል። መናገር ስለማትችል ስታለቅስ «ነጭናጫ» ይሏታል። ራጅ ትነሳ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፈር እንድታጽፍላት አድርግ። አዲስ አበባ ኪዩር የሚባለው የልጆች አጥንት ሆስፒታል አለ፣ መናገሻ በኩል ደግሞ ቼሻየር የሚባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማገገሚያ። መስማቷንና ማየቷንም አስመርምሯት። አትናገርም ማለት አይገባትም ማለት አይደለም፣ የምሕረትን እናት ጠይቅ።

ከጓዳም አውጧት። ቢያንስ ሰው ሲያወራ ትስማ።

የማሙሽ እናት | ከ5 ሳምንት በኋላ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡15

ቤቶች፣ ጠፋሁ አይደል? ወረፋው፣ ቀጠሮው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መላኩ ጉድ ነበር። አንድ ቦታ «1 ዓመት ሲሞላው አምጪው» ብለው መልሰውኝ ነበር። እዚህ ያነበብኩትን ይዤ ሌላ ቦታ ሄድኩ።

ኤምአርአይ ተነሳ። በግራው አንጎሉ በኩል የቆየ ጠባሳ አለ። ስትሮክ ነው፣ ሳይወለድ ወይም በተወለደ ሰሞን የሆነ። ነርሷ ገምታው ነበር። ሐኪሟ ስሙን ስትጠራው እንደ በፊቱ አልደነገጥኩም፤ ስልኬን የወረወርኩበት ቀን አልቆ ነበር። ባንድ ጎናቸው የሚጠቁ ልጆች አብዛኞቹ ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ ብላኛለች። የሚጥል በሽታ ሊከተል ስለሚችል ንቂ ብላኛለች። ድንገት በተከታታይ አንገቱን ደፋ፣ እጁን ወርወር ካደረገ በዚያው ቀን ይዤው እንድመጣ፣ ቪዲዮም እንድቀርጸው።

ባለቤቴ ውጤቱን ሰምቶ 2 ቀን አላወራም። በ3ኛው ቀን ፊዚዮቴራፒ እሱ ወሰደው።

አሁን ቤት ውስጥ ጨዋታ አለን። ደህናውን እጁን ለትንሽ ጊዜ ካልሲ እናጠልቅለታለን፣ በቀኙ እንዲሞክር። እናቴ አልቻለችም። «የልጅ እጅ ይታሰራል?» ብላ እኔ ወጥ ቤት ስገባ ታወልቅለታለች። ትናንት ግን ራሷ አጥልቃለት፣ ማንኪያ ይዛ በቀኙ በኩል ስታቀርብለት ደረስኩ። መዳፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ ግማሽ ድረስ። ያዘው፣ ወደቀበት። እናቴ አንስታ መልሳ ያዘችለት። «ግራኝ» ማለት ትታለች፤ አሁን «አንተ ሰነፍ፣ በዚህኛው» ነው የምትለው።

ፊዚዮዋ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡40

እሰይ! ካልሲውን እሱ ሲነጫነጭ አውልቁለት፣ እልህ አትጋቡት። ሁለቱን እጁን አብሮ የሚያሠራ ጨዋታም ይኑር፣ ትልቅ ኳስ ማቀፍ የመሳሰለ። የማንኪያውን እጀታ ደግሞ ጨርቅ ጠቅልይበት። ወፈር ሲል ለመያዝ ይቀለዋል።

የማሙሽ እናት | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡42

ፎጣ ይሆናል?

ፊዚዮዋ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡43

ይሆናል። በላስቲክ እሰሪው፣ ላስቲኩን እንዳይውጠው ብቻ ጨርቁ ውስጥ ደብቂው።